ባለ 1500 ዙሩን ጀነሬተር ለምን እንደምንመክራችሁ

ውድ ደንበኞቻችን ሰላም ናችሁ? ሰሞኑን ከዚሁ ከድሬም ከሐረርም የምትመጡ ብዙዎቻችሁ "ያው ኪሎዋት ሌላ ቦታ በርካሽ አለ፣ የናንተ ለምን ተወደደ?" እያላችሁ ስለምትጠይቁን ነው ይሄን የምንጽፈው።

ልዩነቱ ዙሩ ላይ ነው። የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ ነው (በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል ማለት ነው)፣ ይሄን ለማውጣት ባለ 2 ፖል (ሁለት የማግኔት ዋልታ ያለው) ዲናሞ በደቂቃ 3000 ዙር መዞር አለበት፣ ባለ 4 ፖሉ ግን 1500 ይበቃዋል። ባለ 3000ው ትንሽና ቀላል ስለሆነ ይረክሳል፣ አልፎ አልፎ ለአንድ ሰዓት ምናምን ለሱቅ መብራት ከሆነ እሱን ግዙ፣ ብራችሁን አታባክኑ። መብራት ሲጠፋ ቀኑን ሙሉ ለሚያስነሳ ዳቦ ቤት ወይ ሆቴል ግን በፍጹም አንመክርም።

እስቲ አስቡት፣ ፒስተኑ የሚሄድበት ርዝመት 10 ሳንቲ ሜትር ቢሆን፣ በ3000 ዙር እየወጣ እየወረደ በደቂቃ 600 ሜትር ሲሊንደሩን ይፈገፍገዋል፣ በ1500 ግን 300 ሜትር ብቻ። ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) የሚያልቀው እዚህ ጋ ነው። ደግሞ ፒስተኑ ጫፍ በደረሰ ቁጥር ቆሞ ነው የሚመለሰው፣ ያ ጉተታ ዙሩ እጥፍ ሲሆን 4 እጥፍ ይሆናል፣ ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ (ክራንክ ሻፍቱ) እና እሱ የሚያርፍባቸው ቡሾች ናቸው የሚሸከሙት። በዛ ላይ የድሬን ሙቀት ጨምሩበት።

ግን አደራ! ናፍጣ ለመቆጠብ ብላችሁ ያላችሁን ጀነሬተር ዙሩን እንዳትቀንሱት። ኸርዙ አብሮ ይወርድና የፍሪጁ ኮምፕረሰርም የፓምፑ ሞተርም እየጋለ ይቃጠላል። በጣም ትልቅም አትግዙ፣ ከአቅሙ 30 ፐርሰንት በታች እየሰራ የሚውል ናፍጣ ሞተር ጥቀርሻ ይይዛል።

ሞተሩ በቀጥታ የውሃ ፓምፕ የሚያዞርላችሁ የመስኖ ሰዎች ግን መቀነስ ትችላላችሁ። ዙሩን ወደ 80 ፐርሰንት ብታወርዱት ውሃው ወደ 80፣ የሚገፋበት ከፍታ ወደ 64፣ የሚፈልገው ጉልበት ደግሞ ወደ ግማሽ ይወርዳል፣ ስለዚህ ማሳው ከፍታ ላይ ካልሆነ ያዋጣል። ወፍጮ ቤቶች ደግሞ ሞተሩ ዙሩ ቀንሶ ወፍጮው በነበረበት እንዲዞር ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበትን ጎማ) መቀየር ይቻላል፣ ሞተሩ ትርፍ ጉልበት ከሌለው ግን ጥቁር ጭስ እያወጣ ይታፈናል፣ መጀመሪያ አሳዩን።

ከመግዛታችሁ በፊት ዲናሞው ላይ የተለጠፈችውን ፕሌት ፎቶ አንስታችሁ በቴሌግራም ላኩልን፣ ከኛ ባትገዙም እናይላችኋለን። ሱቅ ለምትመጡ ደግሞ፣ ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት በሙቀቱ ምክንያት ዝግ ነን።