ሦስት ቫልቮች ለጨው ውኃ ገንዳ ማጣሪያ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፦

ስለ ጌጥ ዓሣ አያያዝ በጋዜጣችሁ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። የጨው ውኃ ገንዳ ያለው ሰው ሪአክተር በሚባለው ማጣሪያ ውስጥ ያለውን ጠጠር በየጊዜው መለወጥ እንዳለበት ጸሐፊው ማሳሰባቸው ትክክል ነው፤ ሆኖም ብዙዎቻችን ይህን የማናደርገው ለምን እንደሆነ ሳይነኩት አልፈዋል። እኔ እዚህ ጅማ 300 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ካቋቋምኩ አራት ዓመት ስለሆነኝ፣ ጥፋቱ ከባለቤቱ ስንፍና ይልቅ በዕቃው አሠራር ላይ እንዳለ ለመመስከር እደፍራለሁ።

ሪአክተር ክዳን ያለው ግልጽ የፕላስቲክ ሲሊንደር ሲሆን፣ በትንሽ ፓምፕ የሚገፋው የገንዳው ውኃ ከታች ወደ ላይ በጠጠሩ መካከል አልፎ ይመለሳል። ጠጠሩ እንደ ተወቀጠ ቡና የደቀቀ የብረት ኦክሳይድ ነው፤ ከዓሣ ምግብ የሚመጣውን ፎስፌት በላዩ ላይ ይይዛል። ፎስፌት ሲበዛ አልጌ የሚባለው አረንጓዴ የውኃ ሽበት መስተዋቱን ይወርሰዋል፣ ድንጋይ መሰል አጽም የሚሠራው የባሕር እንስሳ ኮራልም አጽሙን መገንባት ያዳግተዋል። የጠጠሩ አቅም ግን የተወሰነ በመሆኑ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ይሞላል።

የእኔው ዕቃ ክዳን በስምንት ብሎኖች የታሰረ ነበር። እነዚህን ለመፍታት ካቻቪቴ ይዞ ከገንዳው መቀመጫ ሥር ገብቶ መተኛት ያስፈልጋል፤ ቱቦው ሲነቀል ደግሞ ውኃው ወለሉ ላይ ይፈሳል። ስለዚህ «በሚቀጥለው እሑድ» እያልኩ ሦስት ወር አሳለፍኩ። በመጨረሻ ስከፍተው ጠጠሩ እንደ ጡብ ተጋግሮ፣ ውኃው በአንድ ጎን በከፈተው ቀጭን መንገድ ብቻ እያለፈ፣ ላይኛው ስፖንጅም በዝቃጭ ተደፍኖ አገኘሁት። ምንጣፉ ላይ የፈሰሰው ሸክላ የመሰለ እድፍ እስከ ዛሬ አልለቀቀም። የፈሰሰው እያንዳንዱ ሊትርም 35 ግራም ያህል ከውጭ የሚመጣ የባሕር ጨው ይዞ ይሄዳል፤ በርካሹ የወጥ ጨው እንዳንተካው ደግሞ በባሕር ውኃ ልክ ማግኒዥየምና ካልሲየም የለውም።

ከዚያ በኋላ ከአንድ የቧንቧ ሠራተኛ ጎረቤቴ ጋር ሆነን አሻሻልነው። የብረት ብሎኖቹን ጆሮ ባላቸው፣ በእጅ በሚፈቱ የፕላስቲክ ዳዶዎች ተካናቸው፤ የስፖንጁን ቦታ ከጠጠሩ የጠበበ ቀዳዳ ላለው የፕላስቲክ ወንፊት ሰጠነው። በመግቢያውና በመውጫው ቱቦ ላይ አንድ አንድ ቫልቭና ዩኒየን (በእጅ የሚፈታ የቱቦ ማገናኛ) አስገባን። የእኔ ሪአክተር ሁለቱም አፎች ክዳኑ ላይ ስለሆኑ፣ ቫልቮቹን ዘግቼና ዩኒየኖቹን ፈትቼ ሲሊንደሩን እንዳለ ወደ ወጥ ቤት ይዤው እሄዳለሁ፤ ወለሉ ላይ የሚንጠባጠበውን አንድ ፎጣ ይበቃዋል። የፍሰቱን መጠን የማስተካክለው ሁልጊዜ በመግቢያው ቫልቭ ነው፤ በመውጫው ከሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ ግፊት ይጠራቀምና ክዳኑ ያፈሳል። ጠጠሩ ከላይ በኩል በዝግታ ሲንቀሳቀስ ፍሰቱ በቂ ነው። የማጣሪያ ከሰል የሚጠቀም ሰው ግን እንዲህ እንዲያተራምሰው አልመክርም፤ ከሰል እርስ በርሱ ተፋጭቶ ዱቄት ይሆናል።

ከሁሉም የበለጠ የጠቀመኝ ግን ከመውጫው ጎን ቅርንጫፍ አውጥተን የገጠምነው ሦስተኛው ቫልቭ ነው። አዲስ ጠጠር ስጨምር የመጀመሪያው ውኃ ቀይ አቧራ ይዞ ስለሚመጣ፣ ጥርት እስኪል ድረስ በዚህ በኩል ወደ ባልዲ እለቀዋለሁ። ከዚሁ ቫልቭ በትንሽ ብርጭቆ ቀድቼ ፎስፌቱን እለካለሁ፤ በሚወጣው ውኃ ውስጥ ያለው የፎስፌት መጠን ከገንዳው ጋር እኩል ከሆነ ጠጠሩ ሞልቷል ማለት ነውና፣ የቀን መቁጠሪያ ማየት አያስፈልገኝም። መብራት ለሰዓታት ሲጠፋም በተዘጋው ሲሊንደር ውስጥ የቆመው ውኃ ኦክስጅኑ ያልቅና ይበላሻል። ጅማ ከባሕር ወለል ከ1,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ፣ ውኃችን የሚይዘው ኦክስጅን ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ያነሰ በመሆኑ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መብራት ሲመለስ ያንን ውኃ ዓሦቹ ላይ ከመልቀቅ ይልቅ በሦስተኛው ቫልቭ አውጥቼ እደፋዋለሁ።

ይህን ለመሞከር የሚያስብ ሰው የቧንቧ ዕቃ መደብር ሲገባ መጀመሪያ የሚቀርብለት የናስ ቫልቭ ነው፤ «ይህኛው ዕድሜ ይፍታህ ነው» ይሉታል። እንዳይገዛው አደራ እላለሁ። ናስ ውስጥ መዳብ አለ፤ መዳብ በጨው ውኃ እየተበላ ሲሟሟ ሽሪምፕንና ኮራልን በጥቂቱም ይገድላል። ከፒቪሲ ፕላስቲክ የተሠራው ቫልቭ ዋጋውም ያንሳል።

ዕቃውን የሚያስመጡ ነጋዴዎችም ሁለት ዩኒየንና ሦስት የፒቪሲ ቫልቭ አብረው ቢሸጡ፣ ደንበኛው ጠጠሩን በጊዜው እየለወጠ አዲስ ለመግዛት ቶሎ ቶሎ ስለሚመለስ እነርሱም አይከስሩም።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር
አንባቢያችሁ፣ ከጅማ