የማደያው አፈር ሳይመረመር አይውጣ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በሰፈራችን አንድ የድሮ ማደያ ፈርሶ ለሕንፃ መሠረት እየተቆፈረ ነው። ሲኖው አፈሩን እየጫነ ይወጣል። ክረምት ላይ ግቢው የሚጨቀይበት ሁሉ ሾፌሩን «ለእኔም አንድ ድፋልኝ» ይለዋል። ነፃ ሙሌት ማን ይጠላል?

እኔ በወጣትነቴ ነዳጅ ቀጂ ነበርኩ። ጠዋት ጠዋት መለኪያውን ዘንግ ታንከር ውስጥ ሰድጄ ከሽያጩ ጋር አመሳክር ነበር። ብዙ ጊዜ ይጎድላል። አለቆቻችን «ተንኖ ነው» ይሉናል። የሚተንስ አለ። ከዛገ ታንከርና ከላላ ቧንቧ የሚወጣው ግን ወደ ታች ነው የሚሰርገው።

ሰሞኑን ጉድጓዱን አየሁት። ላይ ላዩ ደህና ቀይ አፈር ነው። ታንከሩ የተነሳበት ሥር ግን ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ሆኗል። ቆንጥሬ ባሸተው ናፍጣ ናፍጣ ይላል።

«ፀሐይ ሲመታው ሽታው ይጠፋል» የሚሉ አሉ። ሽታው መጥፋቱ ምን ዋጋ አለው? እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ያለበት ቤንዚን በአገራችን የቀረው በ1996 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ይህ ማደያ ደግሞ ከዚያ በፊት ብዙ ሸጧል። እርሳስ አይተንም፣ አይበሰብስም። ቤንዚን ውስጥ ያለው፣ ቤንዜን የሚባለው ካንሰር አምጪ ኬሚካል ደግሞ ከውሃ ጋር ይሄዳል። እኛ የቧንቧው ውሃ ሲጠፋ የምንሮጠው ወደ ጓሮ ጉድጓድ ነው።

ስለዚህ አፈሩ ሳይጫን ይመርመር። ናሙናው ከታንከሩ ሥር፣ ከጉድጓዱ ግድግዳና ቧንቧው ካለፈበት ይወሰድ። በብርጭቆ ዕቃ አየር እንዳይቀር ጢም አድርጎ ሞልቶ፣ ከድኖ፣ በበረዶ መላክ ነው። በፌስታል ተቋጥሮ ፀሐይ ላይ የዋለ አፈር ላቦራቶሪ ሲደርስ ንጹሕ መስሎ ቁጭ ይላል! የሚሸተው ለብቻው ላስቲክ ላይ ተከምሮ ዝናብ እንዳያገኘው ይሸፈን። ናፍጣ ብቻ የነካውን ፍግ ቀላቅሎ እያገላበጡ ባክቴሪያ እንዲበላው ማድረግ ይቻላል። እርሳስ የተገኘበት ግን ውሃ በማያሰርግ ቦታ መቀበር አለበት፤ የከተማው ቆሻሻ መጣያ ላይ ተደፍቶ አይሆንም።

ወጪው የማን ነው ለሚለው አዋጅ ቁጥር 300/1995 አለ፦ የበከለ ያጸዳል፣ ወይም ይከፍላል።

ሙሌቱን አስቀድማችሁ የወሰዳችሁ ጎረቤቶቼ፣ ውጤቱ እስኪታወቅ ጎመን አትትከሉበት። ሾፌሮቹ የት የት እንደደፉ በቃላቸው ያውቃሉ፤ ዘጋቢያችሁ ቢጠይቃቸው ይነግሩታል። አንዱ ጭነት ጣና ዳር፣ ደንገሉ አጠገብ መደፋቱን ለእኔም ነግረውኛል።

የቀድሞ የማደያ ሠራተኛ
ባሕር ዳር