የኬኒ ሮጀርስ መታሰቢያ፦ ቅዳሜ በዙም

ውድ አባላት፣

አሜሪካዊውን የካንትሪ ሙዚቃ ዘፋኝ ኬኒ ሮጀርስን አብረን የምናስብበት ዝግጅት የፊታችን ቅዳሜ፣ ማርች 28 ቀን 2020 በዙም ይደረጋል። በአትላንታ ከቀኑ 2 ሰዓት፣ አዲስ አበባ ላላችሁ ማታ 3 ሰዓት ነው። ሊንኩን ዓርብ እዚሁ እለቃለሁ።

እንደሰማችሁት ባለፈው ዓርብ ማታ፣ እዚሁ ጆርጂያ ሳንዲ ስፕሪንግስ ውስጥ፣ በ81 ዓመቱ አርፏል። ቤተሰቡ በኮሮና ምክንያት ሥርዓቱን በጥቂት ሰው ብቻ ነው የሚያደርገው። ስለዚህ አበባ ይዘን እንሂድ ያላችሁኝ፣ በቃ ይቅር። እኛም አዳራሽ መከራየቱን ትተነዋል።

እያንዳንዳችሁ አንድ ዘፈን ምረጡ። ከካሴት ዘመን የተረፈ ነገር ያላችሁ አሳዩን፤ በእስክሪብቶ ስታጠነጥኑት የኖራችሁት ካሴትም ይሁን ግጥሙን በእጅ የገለበጣችሁበት ደብተር። ዙም ላይ አብሮ መዝፈን አይሞከርም፣ ድምፁ ይዘበራረቃል። ተራ በተራ ይሁን።

መጀመሪያ ላይ ዊ አር ዘ ወርልድ ስለተባለው የእርዳታ ዘፈን ትንሽ እናወራለን። በ77ቱ ድርቅ ለወገናችን ከዘፈኑት አንዱ ኬኒ ነበር። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ግን የሙዚቃው መነሻ የተቀረጸው በራሱ ስቱዲዮ፣ ሎስ አንጀለስ በነበረው ላየን ሼር መሆኑን ነው። እኔን ይሄ ብቻውን ለቅሶ ያስቀምጠኛል።

አንድ የምንወስነው ነገር አለ፦ በቡድናችን ስም ለቤተሰቡ የሐዘን መግለጫ ካርድ እንላክ ወይስ ይቅር? መልሳችሁን ከመረጣችሁት ዘፈን ጋር እስከ ሐሙስ ማታ ጻፉልኝ። ሁለት ሰው አንድ ዘፈን ከመረጠ ቀድሞ የጻፈው ይወስደዋል።