ለምን ተሰበረ? የብረታ ብረት ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ

ክበባችን ዓመቱን የጀመረው በ14 አባላት ነው። ሰኔ ላይ 31 ደርሰናል። መሃል ላይ አንድ ነገር ስለተቀየረ ነው፤ እኔም መጻፍ የምፈልገው ስለሱ ነው። የሳይንስ ቀን ኤግዚቢሽኑን፣ ችግኝ ተከላውንና የጥያቄና መልስ ውድድሩን ከፎቶዎቹ ጋር ታገኙታላችሁ።

ጥቅምት ላይ ከዓመታት በፊት ኬሚስትሪ ያስተማርኩት ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። ማቴሪያልስ ኢንጂነሪንግ፣ ማለትም የብረትና የሌሎች ቁሶችን ምህንድስና፣ ተምሮ ተመርቋል። በ2015 ዓ.ም. የተጀመረውን የመውጫ ፈተናም አልፏል። ውጤቱም ጥሩ ነው። ግን ሦስት ቦታ ለቃለ መጠይቅ ቀርቦ ሦስቱም ጋ አልተሳካለትም። ምን ጠየቁህ አልኩት። የመጨረሻዎቹ ምንም አልጠየቁትም፤ ቁራጭ ብረት ሰጥተው አዘጋጅተህ በማይክሮስኮፕ አሳየን ነው ያሉት። ሥራው እንዲህ ነው፦ ብረቱን መጀመሪያ በሻካራ፣ ከዚያ እያለሰለሱ በብርጭቆ ወረቀት መፈግፈግ፣ ወረቀት በተቀየረ ቁጥር 90 ዲግሪ ማዞርና የቀድሞው ጭረት እስኪጠፋ መቀጠል፣ ከዚያ እንደ መስታወት እስኪያበራ መወልወል፣ በመጨረሻም በአልኮል በተበረዘ ናይትሪክ አሲድ ለጥቂት ሰከንድ ማስነካት። ያኔ የብረቱ ቅንጣቶች በማይክሮስኮፕ ይታያሉ። ልጁ ይህን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። በእጁ ግን አንድም ቀን አልሠራውም። በተማረበት ቦታ ማሽኑ ተበላሽቶ ስለነበር በፎቶ ነው ያዩት።

በጣም አዘንኩ። ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ ክፍል ውስጥ ከሁሉ በፊት እጁን የሚያወጣ ነበር።

በሚቀጥለው ሐሙስ ለክበቡ አንድ ጥያቄ ይዤ ገባሁ። ይህን ሙያ የተማረ ሰው የሚቀጥሩ ሰዎች ምንድን ነው የሚፈልጉት? መልሱን ራሳችን ሄደን ከሰዎቹ እንስማ ተባባልን።

ኅዳር ላይ ከከተማው በስተደቡብ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ፈቀደልን። ቁርጥራጭ ብረት አቅልጦ ፌሮ የሚያመርት ነው። ልጆቹ ከምድጃው ብርሃን ዓይናቸውን መንቀል አቃታቸው፤ ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ ያንን ሙቀት ከሩቅም ቢሆን ፊት ላይ ሲሰሙት መጽሐፉ ላይ ካለው ቁጥር ጋር አንድ አይደለም። የጥራት ክፍሉ ኃላፊ ግን ምድጃው ጋ ብዙ አላቆዩንም። ቢሮ አስገቡንና ጠረጴዛው ላይ ለሁለት የተሰበረ ዘንግ አስቀመጡ። ውፍረቱ የሰው ክንድ ያህላል። «ለምን ተሰበረ?» አሉ።

ልጆቹ ደካማ ብረት ነው፣ ጭነት በዝቶበት ነው አሉ። ኃላፊው ዝም ብለው ዘንጉን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞሩት። የስብራቱ ፊት ሁለት ዓይነት ነበር። ሰፊው ክፍል ለስላሳ ነው፤ በላዩ ላይ እንደ ዛፍ ግንድ ቀለበት የሚመስሉ መስመሮች ከአንድ ጥግ ተነስተው እየሰፉ ይሄዳሉ። ትንሹ ክፍል ሻካራ ነው፣ እንደ ተሰበረ ስኳር። ስንጥቁ የተነሳው ዘንጉ ላይ ከተቆረጠች አንዲት ሹል ማዕዘን ነው። ማሽኑ በዞረ ቁጥር ጥቂት በጥቂት ገፋ፤ የቀረው ብረት ጭነቱን መሸከም ሲያቅተው በአንድ ቅጽበት ሄደ። ሻካራው ያ የመጨረሻው ቅጽበት ነው። ብረቱ ደካማ አልነበረም፤ ማዕዘኗ ክብ ተደርጋ ብትቆረጥ ኖሮ ዕድሜው በጣም ይረዝም ነበር።

ይህ የብረት ድካም ይባላል። በ1842 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ቬርሳይ አቅራቢያ የባቡር አክስል (ጎማዎቹን የሚያያይዘው ዘንግ) በዚሁ ምክንያት ተሰብሮ ከ50 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ከዚያ በኋላ ነው ጀርመናዊው መሐንዲስ ቮለር ለዓመታት አክስሎችን እያሽከረከረ ብረት ስንት ዙር እንደሚችል የለካው። ለልጆቹ ይህን የነገርኳቸው አውቶቡስ ውስጥ ስንመለስ ነው። ማንም አላወራም፤ ሁሉም ያ ዘንግ ፊቱ ላይ ነበር።

ኃላፊው ስለ ቅጥር ሲያወሩ ስለ ነጥብ ያነሱት ትንሽ ነው። የሚፈልጉት ሰው የተሰበረ ነገር ተመልክቶ ምክንያቱን የሚያገኝ፣ ያገኘውንም ማንም በሚገባው አንድ ገጽ የሚጽፍ ነው። ምርቱ መለኪያውን ሳያልፍ ሲቀር አለቃ ቢቆጣም ውጤቱን ሳያሳምር እንዳለ የሚመዘግብም። ፌሮው ነገ የሰው ቤት ውስጥ ይገባል፤ እዚያ ላይ የተነካካ ቁጥር ሰው ይገድላል። ይህን ሲሉ ድምፃቸው ተቀየረ። ከሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ጋር ተግባብቶ የሚሠራ ሰው ይፈልጋሉ፤ ሃያ ዓመት ምድጃ ፊት የቆመ ሰው ከጭሱና ከድምፁ የሚያውቀው ነገር አለ፣ ተመራቂው ያንን መጠየቅ ካፈረ ምንም አይማርም።

ደግሞ ቁርጥራጭ ብረቱ የተከመረበት ግቢ ወርዶ የሚያይ። አዲስ ተመራቂ ላቦራቶሪ መቀመጥ ይወዳል፤ ችግሩ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ግቢ ነው። ከአሮጌ ሞተር ጋር የመዳብ ሽቦ ከገባ አቅልጦ ማስወጣት አይቻልም፤ ብረቱ በትኩሱ ሲዳመጥ ይሰነጠቃል። እርጥብ ቁራጭ ወይም የተዘጋ ሲሊንደር ምድጃ ውስጥ ከወደቀ ደግሞ አደጋ ነው። ውሃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፤ የቀለጠውን ብረት ወደ ሰው ይረጨዋል።

ይህን ስሰማ ያሰብኩት ስለ አንዲት የ11ኛ ክፍል አባላችን ነው። አባቷ ቁራሌው ናቸው፤ የሚሰበስቡትን ምናለሽ ተራ ያስረክባሉ። እስከዚያ ቀን ክበቡ ውስጥ ብዙም አትናገርም ነበር። ከጉብኝቱ በኋላ ግራይንደር ተውሰን ብረት በብልጭታው የመለየት ልምምድ ስናደርግ እሷ ቀድማ ለየች። ካርበን የበዛበት ብረት ብልጭታው እንደ አበባ ይፈነዳል፣ ካርበኑ ያነሰው ረጅም ቀጥ ያለ መስመር ይሰጣል፣ አሉሚኒየምና መዳብ ምንም አይሰጡም። ከአባቷ ጋር ስትውል ያየችው ነው። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሙያው መስደብን በአዋጅ ከልክለዋል፤ እኔ ግን አሁንም ልጆች የአባታቸውን ሥራ ሲደብቁ አያለሁ። እሷ ከዚያ ቀን ወዲህ አልደበቀችም። አሁን የክበቡ ምክትል ሰብሳቢ ናት።

የካቲት ላይ ወርቅ ማቀነባበሪያ ውስጥ የምትሠራ መሐንዲስ በስልክ አነጋገረችን፤ ስልኩን ድምፅ ማጉያው ላይ አድርገን ከበብነው። እሷ አዲስ ተመራቂ ስትፈትን የምታነሳው አንድ ጥያቄ አላት፦ ወርቁ በሳያናይድ በሚሟሟበት ገንዳ ውስጥ ኖራ ለምን ይጨመራል? ተመራቂዎች ፒኤች (የአሲድነት መለኪያው፤ ሲወርድ አሲድነቱ ይጨምራል) ከ10 በላይ እንዲሆን ይላሉ። ልክ ነው። እሷ የምትጠብቀው ግን ቀጣዩን ነው፦ ፒኤቹ ከወረደ ሳያናይዱ ጋዝ ሆኖ ይወጣል፣ ጋዙ ሰው ይገድላል፣ ስለዚህ መለኪያው ቢበላሽ መጀመሪያ ምን ታደርጋለህ? ቁጥሩን ከሰው ሕይወት ጋር አያይዞ የሚያስብ ሰው ነው የምትፈልገው። ለኬሚስትሪ መምህር ይህ ትልቅ ትምህርት ነው። ፒኤች ሳስተምር አሁን ከገንዳው ነው የምጀምረው።

መጋቢት ላይ «የስብራት መዝገብ» የሚባል ደብተር ከፈትን። ማንኛውም አባል የተሰበረ የብረት ዕቃ ያመጣል፣ ስብራቱን በጣቱ ሳይነካ በአጉሊ መነጽር ያያል፣ ፎቶ ያነሳል፣ ከየት እንደጀመረ ይገምታል፣ ግምቱን የሚደግፍ ሁለት ማስረጃ ይጽፋል። ከአንድ ገጽ አይበልጥም። የሚኒባስ ባሌስትራ መጣ፣ የብስክሌት ፔዳል፣ ብየዳው የለቀቀ የክፍላችን ወንበር፣ የበር ማጠፊያ። የጥበቃችን ጋሼ ሳይቀሩ የቁልፋቸውን ግማሽ ይዘው መጡ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች «ስላረጀ ተሰበረ» የሚሉ ነበሩ፤ እየመለስኩ አስጻፍኳቸው። ግንቦት ላይ የጻፏቸውን ብታነቡ ትደነቃላችሁ።

አንድ ሙከራም ዓመቱን ሙሉ ደጋገምን። የልብስ መርፌ አግለን ደማቅ ቀይ ሲሆን ውሃ ውስጥ ነከርን፤ እንደ ብርጭቆ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ሌላውን እንዲሁ ነክረን፣ ወልውለን፣ ሰማያዊ እስኪሆን ብቻ ቀስ ብለን መልሰን አሞቅነው፤ ታጥፎ ተመለሰ። ያው መርፌ፣ ያው ብረት። ፋብሪካው ውስጥ ፌሮው ትኩሱን በውሃ ሲያልፍ ቆዳው እንደ መጀመሪያው መርፌ ይጠነክራል፣ ከውስጥ የቀረው ሙቀት ደግሞ ተመልሶ እንደ ሁለተኛው ያደርገዋል። ልጆቹ ይህን ራሳቸው አገናኙት፤ እኔ አልነገርኳቸውም።

ያ የቀድሞ ተማሪዬም አብሮን ነበር። ከጥር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ እየመጣ ከልጆቹ ጋር ብረት በእጁ ሲፈገፍግ ከረመ፤ መስታወት ላይ የተለጠፈ ብርጭቆ ወረቀት፣ ውሃና ትዕግሥት ይበቃል። ማይክሮስኮፑ የባዮሎጂ ክፍል ነው፤ ብርሃን ከላይ ስለማይሰጥ የእጅ ባትሪ በጎን እያበራንለት ነው የሠራነው። ሁሉም ነገር አልታየም፤ ጭረቱ መጥፋቱንና ግራጫ በሚባለው የቅርጽ ብረት (ካስት አይረን) ውስጥ ያሉትን ጥቁር የግራፋይት፣ ማለትም የካርበን፣ ቅጠሎች ግን አይተናል። ሚያዝያ ላይ ሥራ አገኘ። ቃለ መጠይቁ ላይ የያዘው ከምስክር ወረቀቱ ጋር የመዝገባችንን አራት ገጽ ኮፒ ነበር።

መዝገቡ 22 ስብራት ይዟል። 19ኛው አልተዘጋም። የትምህርት ቤቱ የውሃ ፓምፕ ዘንግ ነው፤ ግማሾቹ ድካም ነው ይላሉ፣ ግማሾቹ ዝገቱ ቀድሞ በልቶት ነው ባይ ናቸው፣ ሁለቱም ወገን ማስረጃ አለው። ዘንጉ በዘይት ተቀብቶ ላብራቶሪ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቀምጧል። መስከረም ላይ በመጀመሪያው ሐሙስ፣ 9፡30 ላይ፣ ከእሱ እንጀምራለን። አዲስ የምትገቡ የተሰበረ ነገር ይዛችሁ ኑ።