የሣሉትስ የት ሄዱ?

ይድረስ ለአዘጋጁ፤

በ16ኛው ክፍለ ዘመን ሜክሲኮ ውስጥ ስለተዘጋጀው ባለ ሥዕል የእጅ ጽሑፍ፣ ስለ ፍሎረንስ ኮዴክስ፣ ያወጣችሁት ጽሑፍ ጥሩ ነበር። ግን ምስጋናውን ሁሉ ለስፔናዊው መነኩሴ ለበርናርዲኖ ደ ሳሃጉን መስጠታችሁ አልተዋጠልኝም። ሥራውን የመሩት እሳቸው ናቸው፤ ማን ይክዳል? በሜክሲኮ ነባር ሕዝብ በናዋዎች ቋንቋ፣ በናዋትል፣ የጻፉትና የሣሉት ግን እንደ አንቶኒዮ ቫሌሪያኖ ያሉ የናዋ ምሁራንና ሠዓሊዎች ናቸው።

እስቲ ስለ ስፔኖች የሜክሲኮ ወረራ የሚተርከውን የኮዴክሱን 12ኛ መጽሐፍ ገልጣችሁ እዩ። በ1520 እ.ኤ.አ. የገባው ፈንጣጣ የጣላቸው ሰዎች ምንጣፍ ላይ ተዘርረዋል። ገላቸው ቁስል በቁስል ነው። አንዲት ሴት በሽተኛውን ታናግረዋለች፤ ንግግሯ እንደ ጭስ ተጠቅልሎ ከአፏ ሲወጣ ይታያል።

ሥራው ሊያልቅ ሲል፣ በ1576፣ ሌላ ወረርሽኝ መጣ። ቀለም አጠረ። ስለዚህ ከኋለኞቹ ሥዕሎች ብዙዎቹ በጥቁር ብቻ ቀሩ። እናንተ ያተማችሁት ባለ ቀለሞቹን ብቻ ነው። ከጥቁሮቹም አንድ ገጽ ጣል ብታደርጉልን ምን ነበረበት?

አንባቢያችሁ