ለባዮሎጂ መምህሯ እህቴ

እህቴዋ፣ እንዴት ነሽ? እማማስ? ወገባቸው ተሻላቸው? እንዲህ ቁጭ ብዬ ከጻፍኩልሽ ስንት ዘመን ሆነ። በየበዓሉ «እንኳን አደረሰሽ» መባባሉም ቀርቶ ነበር። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራም አለ፣ ልጁም አድጓል። ሌላውን በስልክ እናወራዋለን። ዛሬ የምጽፍልሽ ያየሁትን ነገር ካንቺ በቀር ለማን እንደምነግር ስላጣሁ ነው።

እዚህ ለንደን ያለውን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ታውቂዋለሽ፣ ስናጠና ስሙን እንሰማው ነበር። መግቢያው ነፃ ነው። ልጁ ዳይኖሰር ካላየሁ ብሎ ሲነዘንዘኝ ይዤው ሄድኩ። ዋናው አዳራሽ ገብተሽ ቀና ስትዪ የሰማያዊ ዓሣ ነባሪ አጽም ከጣሪያው ተንጠልጥሎ ታያለሽ። ርዝመቱ 25 ሜትር፣ ክብደቱ 4.5 ቶን፣ አጥንቱ 221 ነው። አፏን ከፍታ ቁልቁል እየጠለቀች እንድትመስል አድርገው ነው የሰቀሏት። እዚያ የሰቀሏት እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፣ ስሟንም ተስፋ ብለውታል። ልጁ ዳይኖሰሩን ረሳው፣ እኔም የማደርገው ጠፋኝ።

ከዚያ ፎቅ ወጣን። ከሰገነቱ ሆነሽ መቅዘፊያዋን ከጎን ታዪዋለሽ። ያቺን የምንሸመድዳትን ስዕል ታስታውሻለሽ? የሰው እጅ፣ የሌሊት ወፍ ክንፍ፣ የዓሣ ነባሪ መቅዘፊያ፣ ሦስቱ ጎን ለጎን። ያው እሷ ናት፣ ግን በአካል! አጠር ወፈር ያለ የክንድ አጥንት፣ ከሱ ቀጥሎ ሁለቱ የታችኛው ክንድ አጥንቶች፣ ከዚያ ጣቶች፣ ረጃጅም፣ ብዙ መገጣጠሚያ ያላቸው። ጣቶቿ አራት ናቸው። ልጁ የራሱን እጅ ዘርግቶ እያስተያየ ሲቆጥር አንቺ አጠገቤ ብትኖሪ ምን አለበት አልኩ።

ታሪኳ ደግሞ ሆድ ይበላል። እ.ኤ.አ. በ1891 አየርላንድ ውስጥ ዌክስፎርድ የሚባል ወደብ አፍ ላይ አሸዋ ይዟት ቀረች፣ መውጣት አቃታት፣ እዚያው ሞተች። አጽሟን ሙዚየሙ ገዛው። ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ጥርስ የላትም፣ ከላይኛው መንጋጋዋ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ነገር ይንጠለጠላል። ውሃውን በአፏ ሞልታ ስታስወጣው ክሪል የሚባሉት ጥቃቅን ሽሪምፕ መሳይ ፍጥረታት እዚያ ይቀራሉ፣ እነሱን ነው የምትበላው። ይሄ ነገር የተሠራው ጥፍራችን ከተሠራበት ኬራቲን ነው፣ ዕድሜ ልክ ያድጋል፣ የበላችውና የዋኘችበት ባሕር ምልክት በውስጡ ይቀራል። ሙዚየሙ የሷን አስቀምጦት ስለነበር፣ ከሞተች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ ተመራማሪዎች ኬሚስትሪውን ከጫፍ እስከ ጫፍ መርምረው የመጨረሻ ዓመታት ጉዞዋን አነበቡት። ከመሞቷ በፊት አርግዛ ወልዳ ሊሆን እንደሚችልም ጽፈዋል። እናት ነበረች ማለት ነው እኮ! እኔ እዚህ ላይ ነው እንባዬ የመጣው።

ከሷ በኋላ የመጣው ይብሳል። በእንፋሎት መርከብና በሚፈነዳ ጦር አሳደው ለዘይታቸው ብለው ፈጇቸው። ዘይቱ ለሳሙና፣ ለማርጋሪን ነበር። በ20ኛው ክፍለ ዘመን በደቡቡ ንፍቀ ክበብ ብቻ ከ300,000 በላይ ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ ተገድሏል። እ.ኤ.አ. በ1966 መግደሉ ሲከለከል የተረፉት እዚህ ግባ የሚባሉ አልነበሩም። አሁን ቀስ በቀስ እየበዙ ነው፣ ገና አደጋ ላይ ቢሆኑም። ለልጅ ይከብዳል ብለው የሚዘሉት ወላጆች አሉ። እኔ ሁሉንም ነገርኩት፣ ገባውም። ክልከላው እንደሠራም ማወቅ አለበት፣ ሰው ሲፈልግ ማቆም ይችላል።

ተማሪዎችሽ ባሕር የሌለው አገር ልጆች ናቸው፣ ዓሣ ነባሪ ምን አገባን እንዳይሉሽ ይሄን ንገሪያቸው። የእኛ ኦሞ በሚገባበት በቱርካና ሐይቅ አካባቢ፣ በኬንያ በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የ17 ሚሊዮን ዓመት የዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካል ተገኝቷል። ቦታው ዛሬ ከባሕር ዳርቻ 740 ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ ከባሕር ወለል በላይም 620 ሜትር ገደማ ነው። ዓሣ ነባሪዋ ወንዝ ይዛ ሽቅብ ስትዋኝ ጠፍታ ነው የሚሉት። ዓሣ ነባሪ ተራራ አትወጣም፣ ስለዚህ ያኔ መሬቱ ዝቅ ያለ ነበር፣ ከፍ ያለው በኋላ ነው። የምሥራቅ አፍሪካ ምድር መቼ ከፍ ማለት እንደጀመረ ለመገመት የሚረዳው አንዱ ማስረጃ ይሄው አጥንት ነው። ስምጥ ሸለቆን ስታስተምሪ ከዚህ ጀምሪላቸው፣ ማንም አያንቀላፋብሽም።

የመቅዘፊያውን ፎቶ በቴሌግራም እልክልሻለሁ፣ አሳትመሽ ክፍል ውስጥ ለጥፊው። ልጆቹ የሚጠይቁሽን ጥያቄ ሰብስበሽ ላኪልኝ፣ ሙዚየሙ ቅርቤ ስለሆነ እየሄድኩ አይቼ እመልሳለሁ። እማማን በጣም ሳሚልኝ። ደግሞ ስልክሽን አንሺ!

እህትሽ