ለባሕረ ጥምቀታችን ዳርቻና ለአኻያው አጥር የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በሀገር ውስጥም በውጭም ላላችሁ የሰበካችን ልጆች፣

ባለፈው ነሐሴ ጅረቱ ሞልቶ በሽቦ ያሰርነውን የድንጋይ ግንብ ጠርጎ ወሰደው። ሽቦው ተበጣጥሶ አሁንም ታች መስኩ ላይ ተንጋሎ ይታያል። ድንጋዩን በጀርባቸው ያመጡ እናቶች ቆመው አልቅሰዋል። እኛም ደክሞናል፤ ሆኖም ዝም ብንል የሚቀጥለው ክረምት ታቦቱ የሚያርፍበትን መስክ ይበላዋል።

ከግንቡ ከፍ ብሎ ያለውን ዳር ግን ሂዱና እዩት። አኻያው ሁለት ክረምት የቆየበት ቦታ አልተናደም። ጎርፉ አጎንብሶት አለፈ፤ ውኃው ሲጎድል ቀና አለ። ሥሩ አፈሩን እንደ ስፌት ጠልፎ ይዞታል። ግንቡን ያለ አኻያ ብቻውን ማቆማችን ስህተት ነበር፤ ይህን እናምናለን።

አኻያን የማያውቅ የለም፤ ልጆች መፋቂያ የሚቆርጡት፣ ዳዊት ደጋሚም በ136ኛው መዝሙር የሚያነሳው ነው። ሳይንሱ ሳሊክስ ሙክሮናታ ይለዋል፤ ቀድሞ ሳሊክስ ሰብሰራታ ይባል ነበር። ከሥሩ ብዙ ሆኖ የሚወጣ ቁጥቋጦ ነው፤ ሲመቸው ዛፍ ይሆናል። ቅጠሉ ቀጭን፣ ጫፉ ሹል ነው፤ ጠርዙን በጣት ብትዳስሱት እንደ ማጭድ ጥቃቅን ጥርስ አለው። ወንዱና ሴቱ ለየብቻ ይበቅላሉ። የሴቷ ዘር በነጭ ጥጥ ተጠቅልሎ በነፋስ ይበናል፤ እርጥብ መሬት ቶሎ ካላገኘ ይሞታል። ስለዚህ የምንተክለው ከቅርንጫፉ ቆርጠን ነው።

«ለጭራሮ ይህ ሁሉ ብር?» ላላችሁ ወገኖች፦ ለቁራጩ ሳንቲም አልወጣም፤ ከነባሮቹ ዛፎች ነው የቆረጥነው። ገንዘቡ የዋለው ለሽቦ፣ ለመኪና ኪራይና ለጠባቂ ደመወዝ ነው። ሒሳቡ በሰንበቴ ፊት ተነቧል፤ ደረሰኙም ገንዘብ ያዡ ዘንድ አለ።

አሁን የጎደለን የአጥርና የጠባቂ ገንዘብ ነው። ከብት ለጋውን ከጋጠው ልፋታችን ከንቱ ነው። ቁራጩ ክረምቱ ሳይገባ ሥር መስደድ አለበት። ጅረታችን ግልገል አባይ ይገባል፤ የሚሸረሸረው አፈራችንም መድረሻው ጣና ነው። የጎጃም ልጅ ይህን ቆሞ አያይም።

እባካችሁ፣ የምታስገቡት በኮሚቴው ስም በተከፈተው የባንክ ሒሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ በቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተለጥፏል። በግለሰብ ስም ለሚጠይቃችሁ አትስጡ። በስልክ የምትልኩም ወደዚያው ሒሳብ ላኩ፤ ምክንያቱን «አኻያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ደረሰኙን ለገንዘብ ያዡ አሳዩ። ደግመን እንላለን፦ በኮሚቴው ስም ባለው ሒሳብ ብቻ። ገንዘብ ያላገኘ ቅዳሜ ጠዋት መቆፈሪያ ይዞ ይምጣ።